መንገዱና መቀመጫው

ብራዚሊያ፣ ማርች 9

አባባ፣

ከሁሉ በፊት ምርቃትዎን ይስጡኝ።

የጠየቁኝን በተራ ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ። አይ፣ አልከሳሁም፤ ፎቶው ላይ ያዩዋት አንገት የኔው ናት፣ ድሮም እንዲህ ነበረች። የላኩልኝ የካሳቫ ዱቄት ገና አላለቀም። በምን እንደምበላው ግን አይጠይቁኝ፤ እዚህ ዓሣ ብለው የሚሸጡልን ከሞተ ስንት ዘመኑ የሆነ፣ ዓይኑ የፈሰሰ ነገር ነው።

ለምን በስልክ እንዳልነገርኩዎ ይገባዎታል። ሳርጎ ውስጥ ስልክ የሚሠራው ናዛሬ ሱቅ በረንዳ ላይ ብቻ ነው። እርስዎ እዚያ ቆመው «ሃሎ» ሲሉ ግማሽ መንደር አብሮዎት «ሃሎ» ይላል። ይኸኛው ወሬ ደግሞ ከበረንዳው በፊት እርስዎ ጆሮ እንዲገባ ፈለግኩ።

ሕጉ አለቀ፣ አባባ! ባሕር ላይ የነፋስ ተርባይን የሚተከልበት ሕግ። ኩባንያዎቹ ከሴያራ ጠረፍ ያልጠየቁት ውሃ የለም። የኛም ተጠይቋል፣ ከወንዙ አፍ ጀምሮ እስከ ጥልቁ። አንድ ጊዜ ከተተከለ ወዲያ በምሰሶዎቹ መሃል የእንጨት ጀልባችን ዣንጋዳ እንኳ ዝር አይልም፤ «ሸራ ብቻ ነው ያለኝ፣ ማንንም አልነካ» ቢሉ የሚሰማዎት የለም። ግን ሕጉ ውስጥ የኔ እጅ ያለባት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች። ሦስት ጊዜ ሰርዘውብኝ ሦስት ጊዜ መልሻታለሁ። እንዲህ ትላለች፦ «የባሕሩ ሰዎች በገዛ አፋቸው ያመለከቱት የማጥመጃ ቦታ ላይ ምሰሶ አይተከልም፤ ያላመለከቱት ክፍት ነው።» የመጨረሻዋን ቁራጭ እነሱ ናቸው የጨመሩት፤ ያለ እሷ አንፈርምም አሉ።

በዚህ ወር ካርታ የያዙ ወጣቶች ይመጡላችኋል። የዣንጋዳ አለቆችን ሁሉ ሰብስበው የት እንደምታጠምዱ ይጠይቃሉ። አባባ፣ እባክዎ እውነቱን ይንገሯቸው። እርስዎን ስለማውቅ ነው። ቄሱ እንኳ «ይህን የመሰለ ፓርጎ ዓሣ ከየት አመጣኸው?» ሲሉዎ «ከባሕር» ብለው የመለሱ ሰው ነዎት።

ወንድሜ አውሪኖም ደውሎልኝ ነበር። ፎርታሌዛ ውስጥ ሰው ሲገባና ሲወጣ በር መክፈቱ አንገሽግሾታል። ባሕሩ ከዳነ ለገና መጥቶ ዣንጋዳዋን ይረከብዎታል፤ በአፉ ነው ያለው፣ እኔ አልጨመርኩም። እርስዎም ያንን ጉልበት ያሳርፉታል።

ልጅዎ ዜናይዴ


ሳርጎ፣ ማርች 30

ልጄ ዜናይዴ፣

እግዚአብሔር ይባርክሽ፤ ከክፉ ዓይንና ከቢሮ ወንበር ይጠብቅሽ።

በኋላኛው ደብዳቤሽ ጉልበቴን ጠየቅሽ። ጉልበቴ ከኔ ጋር ነው፣ የትም አልሄደም። ሐኪም ጋ ይሂዱ አልሽ። ሐኪሙ ጋ ለመሄድ ጉልበት ያስፈልጋል።

እንግዶችሽ መጡ። ጨዋ ልጆች ናቸው። ኬክ ይዘው ነው የመጡት፣ የኮኮነት። ካርታቸውን መረብ የምንጠግንበት ዳስ ውስጥ መሬት ላይ ዘረጉት፤ አልጋ ልብስ የሚያክል። ለያንዳንዳችን አንዳንድ ፍሬ ቦሎቄ ሰጡንና «የሚያጠምዱበት ቦታ ላይ ያስቀምጡ» አሉን። ሁላችንም ካርታውን ከበን ተቀመጥን። አበልጄ ታርሲዚዮ ልክ ፊት ለፊቴ፤ ትንፋሹ እስኪሰማኝ ድረስ። ክርስትና ያነሳሽ ሰው ነውና ክፉ አልናገርበትም፣ ግን አስተያየቱን ታውቂዋለሽ። ዓይኑ ከቦሎቄዬ ላይ አልተነቀለም፤ የኔም ከሱ ላይ።

ልጅቷ «አይፍሩ አባት፣ ያስቀምጡ» አለችኝ። እኔ? ፍርሃት? አስቀመጥኩ። ታርሲዚዮም አስቀመጠ። ሁሉም አስቀመጠ። የሚፈርመው ፈረመ፣ የማይችለው አውራ ጣቱን አሳረፈ። ኬኩ ጥሩ ነበር።

የዚያኛውን ነገር መልስ ፈልገሻል። «ጓዳን፣ ባሕር ሥር ያለውን የአያቴን የዓሣ ድንጋይ፣ በትክክል አስቀመጡት ወይ?» ብለሽ ስሙን ቁልጭ አድርገሽ ጽፈሽልኛል። አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ስም ወረቀት ላይ አይወጣም! ፖስተኛው የታርሲዚዮ የእህት ልጅ መሆኑን ረሳሽው?

አውሪኖን ለገና በጉን ሳይሆን ሸራውን አዘጋጅቼ እጠብቀዋለሁ በይው። አዲስ ጨርቅ ገዝቻለሁ።

አባትሽ ዴውዚማር


ብራዚሊያ፣ ሜይ 25

አባባ፣

ምርቃትዎን፣ በዕልልታ!

ካርታው ጸደቀ። ትናንት ነው፣ በትልቁ አዳራሽ። ከጠረፉ ሁሉ የመጡት ምልክቶች ግድግዳው ላይ ሲታዩ ሰዉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እማማ ብታየኝ ምን ትል ነበር? «ፊትሽን ታጠቢ» ነበር የምትለው።

ሸራውን ምን ዓይነት ቀለም ልቀባው ብለውኛል። ነጭ ይሁን፤ ከሩቅ ይታያል።

አባባ፣ አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው፤ እንዳይቆጡኝ። ከጭብጨባው በኋላ የሳርጎን ቁራጭ ጠጋ ብዬ አየሁት። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ እማማ በተቀበረች ሳምንት፣ የሚተዉኝ ቤት አጥተው ባሕር ይዘውኝ የወጡ ጊዜ ትዝ ይልዎታል? ሴት ልጅ ከተሳፈረች ዓሣው ይሸሻል ብለው ሁሉም ሲያጉረመርሙብዎ «ይሽሽ!» አሏቸው። እዚያ ስንደርስ ጭንቅላቴን በሁለት እጅዎ ይዘው ወደ የብሱ አዞሩኝ። «የቤተ ክርስቲያኑን መስቀል ነጩ የአሸዋ ኮረብታ ጫፍ ላይ አስቀምጪው፤ ይኸ መንገዱ ነው። መንገዱን ሳትለቂ ወደ ጥልቁ ግቢ። ያ ብቻውን የቆመው የካሽው ዛፍ ሄዶ የመብራት ማማውን ሲነካው፣ ይኸ መቀመጫው ነው። እዚያ መልሕቅሽን ጣይ» አሉኝ። ከሥራችን ጓዳ ነበረች። ያን ቀን ያወጣነው ዓሣ ዣንጋዳዋን ሊያሰምጣት ነበር።

ኋላ በየብስ ላይ ያሉትን ተርባይኖች ሲተክሉ ያንን አሸዋ ደለደሉት። እርስዎ ተሸንፈው አያውቁምና «ግድ የለም፣ አሁን መስቀሉን ሦስተኛዋ ምሰሶ ላይ ነው የማስቀምጠው» ብለው ስቀው ነበር።

ካርታው ላይ ግን ስምዎ ያለው እዚያ አይደለም። ከወንዙ አፍ ማዶ፣ በስተምዕራብ፣ «የተራበ ውሻ እንኳ የማያጠምድበት» የሚሉት ጭቃ ላይ ነው። የክርስትና አባቴ የታርሲዚዮም ምልክት እዚያው ነው። የሁሉም እዚያው ነው። የሳርጎ አለቆች በሙሉ ጭቃው ላይ ተቆልለዋል። ጓዳ ያለችበት ውሃ ባዶ ነው፣ አንዲት ቦሎቄ የለበትም።

ምናልባት የተምታታብኝ እኔ ልሆን እችላለሁ። ልጅ ነበርኩ። ተሳስተሻል ይበሉኝ።

ዜናይዴ


ሳርጎ፣ ጁን 8

ይባርክሽ። አልተሳሳትሽም።

እና ምን ላድርግ ነበር? አያቴ ጓዳን ለአባቴ የነገረው ነፍሱ ልትወጣ ስትል፣ ቄሱን ከክፍሉ አስወጥቶ ነው። አባቴም ለኔ እንዲሁ። እኔ ደግሞ በአንድ ቁራጭ ኬክ፣ ታርሲዚዮ እያፈጠጠ፣ ላስረክባት? ሆድ ይፍጀው አልኩ። ጭቃው ላይ አስቀመጥኩ።

ደግሞ አስቤበት ነው፣ ሞኝ አይደለሁም። ሌሎቹ እውነቱን ከተናገሩ ባሕሩ በሙሉ በቦሎቄ ይሞላል፤ የኔዋ በመሃል ተሸሽጋ ትድናለች ብዬ ነው። ማን ያውቃል፣ ሁሉም እንደኔ ማሰቡን! ተመካክረን ቢሆን እኮ አንድ ነገር ነው። አንድም ሰው አልመከረም። እያንዳንዱ ሌላው እውነተኛ ሰው መስሎት ዋሸ። ታርሲዚዮ ቦሎቄውን ጭቃው ላይ ሲያስቀምጥ «አይ ምስኪን፣ ይኸን ሁሉ ዘመን እዚህ ነው የሚለፋው?» ብዬ አዝኜለት ነበር፤ የሌሎቹንማ ልብ ብዬ አላየሁም።

አሁን ነገሩ ቀላል ነው። አንቺ እዚያ ነሽ፣ ቦታዋንም ታውቂያለሽ። የኔን ቦሎቄ በጣትሽ ገፋ አድርጊልኝ። ማን ያይሻል?

ቶሎ በይ ብቻ። ትናንት አንድ ትልቅ ነጭ መርከብ መጥቶ ጓዳ ላይ ቆመ። መልሕቁን እንደ ባለቤት ነው የጣለው።

አባትሽ


ብራዚሊያ፣ ጁን 17

አባባ፣

ምርቃትዎን፣ ቢቆጡኝም።

አልገፋሁትም። ውሸት አልነግርዎትም፣ ሞክሬ ነበር። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ካርታውን ከፈትኩ፣ ስምዎ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ከዚያ እጄ አልሄድ አለኝ። እኔ ዛሬ ለአባቴ ከገፋሁ፣ እዚያ ማዶ የተቀመጠው ሰውዬ ነገ ለኩባንያው ይገፋል። ይህ ካርታ የሚከበረው ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ስለማይነካው ነው። የሌሎቹ መንደሮች ምልክት በሙሉ በዚያ ላይ ነው የቆመው።

ሐሳብዎ ገብቶኛል፤ «ለሌላው ብለሽ የገዛ ቤትሽን» ሊሉኝ ነው። ይበሉኝ።

አንድ መንገድ አለ። ምልክቱን ያስቀመጡት ሰዎች ራሳቸው እንደገና ተሰብስበው፣ አንዱ በሌላው ፊት፣ «የመጀመሪያው ቃሌ ልክ አልነበረም፣ እውነተኛው ይኸ ነው» ብለው ከፈረሙ ማመልከቻው ይታያል። እስከ ጁላይ አጋማሽ ካልደረሰ ግን ይዘጋል። ይቀበላሉ ብዬ ቃል አልገባም። «ይታያል» ነው ያልኩት።

ሌላም አለ፣ እሱንም አልደብቅዎም። የምትሰጡት ቦታ፣ ማመልከቻው እንደገባ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው ኢንተርኔት ላይ ይለጠፋል። በጓሮ በር ነገር እንዳይዶለት ብዬ ያንንም እኔው ነኝ ያስገባሁት። ጓዳ ከዚያ ወዲያ የኛ ብቻ አትሆንም። ግን ምሰሶ ከሚበቅልባት ሰው ቢያውቃት አይሻልም?

አንድ ሰው መጀመር አለበት፣ አባባ። ሌሎቹ እርስዎ ካልጀመሩ ሞተው ይገኛሉ እንጂ አይናገሩም። እርስዎ ይጀምሩ።

አውሪኖ ለምን ድምፁ ጠፋ ላሉኝ፦ ደህና ነው። ሥራ በዝቶበት ነው።

ዜናይዴ


ሳርጎ፣ ጁላይ 3

ዜናይዴ ልጄ፣

እግዚአብሔር ይባርክሽ፤ ዛሬስ ሁለት ጊዜ ይባርክሽ።

በናዛሬ ስልክ «ተናገሩ ወይስ አልተናገሩም?» ብለሽ መጮኽሽ ምን ይሉታል? መንደሩ ሁሉ «ምኑን? ምኑን?» እያለ ሲያደርቀኝ ዋለ። ተናገርኩ። በቃ እፎይ በይ።

የቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ማግስት ነው። ቅዱሱን በዣንጋዳ ጭነን ባሕሩን አዙረን መልሰነው፣ የሁሉም ልብ ለስለስ ብሎ ነበር። ያቺ ካርታ ያላት ልጅ መጣች፤ በዚህኛው ኬክ የለም። ዳሱ ውስጥ ተቀመጥን። «ማን ይጀምር?» አለች። ጭጭ! እኔ ጣሪያውን አየሁ፣ ታርሲዚዮ የእግሩን ጥፍር አየ፣ የቀሩት ባሕር አይተው የማያውቁ ይመስል ባሕሩን ያያሉ። ከዚያ ተነሳሁ። ጉልበቴ ቋ! አለ፤ መጀመሪያ የሳቁት በእሱ ነው።

«ባለፈው ዋሽቻለሁ» አልኳቸው። መንገዱን ነገርኳቸው፣ መስቀሉንና ሦስተኛዋን ምሰሶ። መቀመጫውን ነገርኳቸው፣ ካሽው ዛፏንና የመብራት ማማውን። ስሟንም ነገርኳቸው።

ታርሲዚዮ ብድግ አለ። ፊቱ የተቀቀለ ሎብስተር መስሏል።

«ሌባ!» አለኝ።

«ማን? እኔ?»

«አዎ አንተ! ያ የኔ ድንጋይ ነው! ከሚስቴ አባት የተረከብኩት! ስሙም ‹አማት› ነው!»

«ጓዳ ነው ስሟ! አያቴ ነው ያገኛት!»

«አያትህ ደግሞ ምኑን ያገኛል? መዋኘት እንኳ የማይችል ሰው!»

ልጅቷ መሃል ገባች። ካርታው ላይ ጣቷን አሳርፋ «እዚህ ነው ያሉት?» አለችኝ። አዎ። «እርስዎስ?» አለችው። አዎ። አንድ ጣት፣ አንድ ቦታ። ከዚያ ነገሩ ቀስ እያለ ወጣ። ዕድሜ ልካችንን እኔ ጓዳ ላይ ቁጭ ብዬ የእሱን ሸራ ከሩቅ ሳይ፣ እንዳያውቅብኝ መልሕቄን ስቤ ወደ ጭቃው እሸሻለሁ። እሱም የኔን ሸራ ሲያይ እንደዚያው። ስንት ቀን ሁለታችንም ዓሣ ከሞላው ድንጋይ ላይ ሸሽተን፣ ጭቃው ላይ ጎን ለጎን ቆመን ባዶ መንጠቆ ስንነክር ውለናል! «ዛሬ ምንም የለም» እለዋለሁ፤ «ምን ይኖራል ብለህ፣ አበልጄ» ይለኛል። መጀመሪያ ከት ብላ የሳቀችው ናዛሬ ናት። ከዚያማ ዳሱ ሊፈርስ ነበር። ታርሲዚዮ ራሱ መሬት ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ የሚከለክላቸው አልነበረም። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይነሳል። የአባቱን ቦታ ያልተናገረ የለም። ልጅቷ ጽፋ መድረስ አቃታት። ፈረምን። በፖስታ ሳይሆን በእጇ ይዛው ሄዳለች።

ከታርሲዚዮ ጋር አብረን ወደ ቤት ሄድን። በመንገድ ላይ «አበልጄ፣ ይኸን ሁሉ ዘመን እየተፈራረቅን ብናጠምዳት ኖሮ እኮ…» አለና ሳይጨርሰው ተወው። እኔም አላስጨረስኩትም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልብሴን አውልቄ ገበያ መሃል የቆምኩ ይመስለኛል። ግን ቀለለኝም። ሸራው ነጭ ሆኗል። አውሪኖ ይምጣ፤ አሁን ቦታዋን ለመስማት የኔን ሞት መጠበቅ የለበትም።

አባትሽ ዴውዚማር


ብራዚሊያ፣ ሴፕቴምበር 14

አባባ፣

ሰላምታውን ኋላ እመለስበታለሁ፤ ከነገሩ ልጀምር፣ አለዚያ አልጀምረውም።

አልተቀበሉትም።

የኩባንያው ጠበቆች ናቸው አስቀድመው የተናገሩት። «ሁለተኛው ቃል የመጣው ምሰሶዎቹ የት እንደሚቆሙ ከታወቀ በኋላ ነው» አሉ። «እነዚህ ሰዎች የሚሉት ቦታ የሚያጠምዱበት ሳይሆን እኛ የምንፈልገው ነው።» ጉባኤው አልረዘመም። አንዲት ሴትዮ መነጽሯን አድርጋ የኔን ዐረፍተ ነገር አነበበችልኝ፤ በደግ ድምፅ ነው ያነበበችው። «በገዛ አፋቸው ያመለከቱት። እርስዎ ነዎት አይደል የጻፉት? እንግዲህ በገዛ አፋቸው አመልክተዋል፣ ፈርመዋልም።» እኔም «ሁለቱ ሽማግሌዎች ዕድሜ ልካቸውን እርስ በርስ ሲሸሻሹ የኖሩ ናቸው» ብዬ የጻፉልኝን ልነግራቸው ጀመርኩ። ሳቁ። እንደናንተ አልነበረም ሳቃቸው።

የመጀመሪያው ቃል ይጸናል። ጭቃው ተጠብቋል። ለሠላሳ ዓመት ማንም እዚያ ጭቃ ላይ ምሰሶ አይተክልም። የቀረው ሁሉ ክፍት ነው።

ይግባኝ አለው ይሉኛል። አለው፤ ወረቀቱን አስገብቻለሁ። መልሱ ሲመጣ ምሰሶዎቹ ቆመው እንደሚያልቁ እዚህ ቤት የማያውቅ የለም፣ ዘበኛው ሳይቀር።

ጥፋቱ የኔ ነው። ያቺን ዐረፍተ ነገር እንዴት እንደምወዳት ቢያውቁ! ስለ አባቴ እያሰብኩ ነው የጻፍኳት፣ አባቴን ግን ረሳሁት። ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ቦታውን እንደማይናገር ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ቦሎቄውን ለያንዳንዳችሁ ለብቻ፣ በየቤታችሁ መስጠት ነበር። እንዴት አልታየኝም?

ሌላም የደበቅኩዎ ነገር አለ። ዛሬ አልጽፈውም፣ አቅም የለኝም።

ኦገስትን ሙሉ አንድም ቃል አልጻፉልኝም። ታመዋል?

ዜናይዴ


ሳርጎ፣ ኦክቶበር 20

ዜናይዴ፣

አልታመምኩም። ስለ ኦገስት ከጠየቅሽኝ ልንገርሽ፤ አንቺ ብቻ አይደለሽም ወሬ የምትደብቂው።

ቦታዎቹ በተለጠፉ በሳምንቱ መጡ። ከየት እንደሆኑ እንጃ፣ የኛ ሰዎች አይደሉም። አየር የሚነፋ ሞተር ያላቸው ጀልባዎች ናቸው፤ ሰዎቹ የሞተሩን የአየር ጎማ በአፋቸው ነክሰው ይጠልቃሉ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሳይሸሸጉ። መንገድና መቀመጫ አልፈለጉም፤ ስልካቸውን እያዩ ቀጥ ብለው ጓዳ ላይ ቆሙ። ሎብስተሩን ከነእንቁላሉ፣ ፓርጎውን ከነጫጩቱ አወጡት። ታርሲዚዮ ድንጋይ ሊወረውርባቸው ወጥቶ ነበር፤ ሳቁበት። ሲሄዱ ድንጋዩን ራቁቱን ነው ያስቀሩት። አንቺ እዚያ ተስፋ ይዘሽ ስትሟገቺ ይህን እንዴት ብዬ ልጻፍልሽ?

ስለዚህ የጉባኤው ነገር ሲመጣ ብዙም አልደነገጥኩም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እኛ ደግሞ አንገታችንን ነው ወለም ያለን። ጥፋቱንም ለብቻሽ አትሻሚው። ተራሽን ጠብቂ፣ ከፊትሽ የሳርጎ ሽማግሌ በሙሉ ተሰልፏል፤ እኔ መጀመሪያው ላይ ነኝ።

ያልጻፍሽው ወሬም ባሕር ላይ አግኝቶኛል። አልተቀየምኩሽም።

ባለፈው ማክሰኞ ጓዳ ወጣሁ። ዓሣ እንደሌለ እያወቅኩ። ምን ላድርግ፣ ልማድ ነው፤ ዣንጋዳዋም መንገዱን ለምዳለች፣ አዲሱ ሸራም ነፋስ ይሻል። መስቀሉን ሦስተኛዋ ምሰሶ ላይ አድርጌ ገባሁ። ዛፏ ማማውን ስትነካ መልሕቄን ጣልኩ። ነጩ መርከብ እዚያው ባሕሩን ሲበሳ ነበር። ትንሽ ቆይቶ አንድ ቢጫ ጀልባ ወደ እኔ መጣ። ውስጡ ያለው ሰው የራስ ቁር አድርጓል፣ የድምፅ ማጉያ ይዟል። ፊቱን ሳላየው ነው ያወቅኩት፣ ከአቋቋሙ።

ማጉያውን ዝቅ አድርጎ «ምርቃትዎን፣ አባባ» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይባርክህ፣ አውሪኖ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

«ኩባንያው በር ከመክፈቱ በሁለት እጥፍ ነው የሚከፍለኝ፣ አባባ። ልጆች አሉኝ።»

«አውቃለሁ።»

«አለቆቹ ከመርከቡ ላይ እያዩኝ ነው» አለኝ። ከዚያ ማጉያውን መልሶ ወደ አፉ አደረገና፣ ያስጠኑትን ቃል መሰለኝ፣ እንዲህ አለ፦ «የአካባቢው ዓሣ አጥማጅ፣ የተከለከለ ቦታ ላይ ነዎት። እባክዎ ወደ ምዕራብ ይሂዱ።»

ወደ ምዕራብ! ጭቃው ማለቱ ነው። መልሕቄን ስቤ ሄድኩ። ታርሲዚዮ እዚያው ቆሞ መንጠቆውን ነክሯል። «ዛሬ ምንም የለም» አለኝ። «ምን ይኖራል ብለህ፣ አበልጄ» አልኩት። እስኪመሽ ጎን ለጎን ቆየን።

በመመለሻዬ አንድ ነገር ሳስብ መጣሁ። አያቴ ለአባቴ፣ አባቴ ለኔ። እኔ ለአውሪኖ ልነግረው ነበር፤ እሱ ነው በማጉያ ለኔ የነገረኝ። ላንቺ ደግሞ በዘጠኝ ዓመትሽ ነግሬሽ ኖሯል፤ ደብዳቤሽ ላይ እስካነበው ድረስ ረስቼው ነበር። ሴት ናት፣ ምን ታደርግበታለች ብዬ ሳልቆጥረው ቀርቼ ነው። ወራሼ አንቺ ነበርሽ ለካ። አሁን ግን ማንም ያውቀዋል፤ ለማንም የሚነገር ነገር የለውም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «ሰላምታውን ኋላ እመለስበታለሁ» ብለሽ አልተመለስሽበትም። ሕፃን ሆነሽ አፍ ከፈታሽ ወዲህ ምርቃት ሳትጠይቂኝ ስትቀሪ የመጀመሪያሽ ነው። አውሪኖ እንኳ ከዚያ ጀልባ ላይ ሆኖ ጠይቋል። ያልጠየቀ ደግሞ አይመረቅም፤ ይህን እኔ አላወጣሁትም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ሌላ ነገር አትጻፊልኝ። ይግባኙንም ተይው። ጠይቂኝ፣ ልጄ። የምሰጥሽ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

አባትሽ ዴውዚማር